7 ማራቶን በ7 ቀን ለበጎ አድራጎት፦ ዕቅዱን አይታችሁ አርሙት

የንጋት ሯጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዕቅዱ እንዲህ ነው። ሰባት ማራቶን በሰባት ተከታታይ ቀናት፣ ሁሉም በአስፋልት፣ ገቢው ሙሉ በሙሉ ለካንሰር ሕሙማን የሚውል። ለዝግጅት 20 ሳምንት አለ። መነሻው፦ ክብደቴ 70 ኪሎ፣ የአንድ ማራቶን ሰዓት 3:40፣ አሁን በሳምንት የሚሮጠው 60 ኪሎ ሜትር። ማወቅ የምፈልገው በየቀኑ በምን ፍጥነት እንደሚሮጥ፣ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ለጋሾችስ በኪሎ ሜትር ሒሳብ ቃል ቢገቡ ይሻል እንደሆነ ነው።

ሶምሶማ፦

ከፍጥነቱ በፊት ሰዓቱን ቁጠረው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነስተህ፣ አምስት ሰዓት ፈጅቶብህ ቀትር ላይ ብትገባ፣ እስከ ማግስቱ መነሻ 19 ሰዓት አለህ። ዘጠኙ ለእንቅልፍ ይሄዳል። የሚበላው፣ እግር የሚታከመው፣ ለነገ የሚሰናዳው በቀረው አሥር ሰዓት ውስጥ ነው። ሰባቱ ማራቶን የሚያልቁትም የሚከሽፉትም እዚያ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ዝግ ማለት ደግ ቢሆንም ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል። ስድስት ሰዓት ተኩል ከፈጀብህ ከማገገሚያህ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆረጥክ፤ እግርህ አስፋልት ላይ የሚቆይበት ጊዜም በዚያው ልክ ረዘመ።

የ3:40 ሯጭ አንድ ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ለሰባቱ ቀን ከ6:15 እስከ 6:30 ያዝ። በ6:20 ብትሄድ ሩጫው ብቻውን 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው፤ እርምጃውና ማቆሚያው ሲጨመር ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። አንደኛው ቀን ላይ እግር ትኩስ ስለሆነ፣ ሰውም ስለሚያጨበጭብ 5:40 ቀላል ይመስላል። ጉዳቱ የሚጎላው ግን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ማለትም የመጀመሪያ ቀን ችኮላህን የምትከፍለው ሦስተኛውና አራተኛው ማራቶን ላይ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ እግርህ መሬት ሲያርፍ የጭንህ ጡንቻ እየተለጠጠ ይኮማተራል፤ ክሩን የሚበጣጥሰው ይህ ነው። ቁልቁለት ደግሞ ያባብሰዋል።

9 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ ያውም ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ። ድካም ከያዘህ በኋላ የምትጀምረው እርምጃ ዕረፍት አይሆንም፣ ማዝገም ነው። የልብ ምት ንባብን ከሦስተኛው ቀን በኋላ ብዙ አትመነው፤ በደከመ ሰውነት ላይ አንዳንዴ ከልማዱ ወርዶ፣ አንዳንዴ ወጥቶ ይታያል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታለከልክ መናገር ከቻልክ ልክ ነህ።

ጓዳ፦

የምግቡን እኔ ልያዘው። በግርድፍ ሒሳብ ሩጫ በኪሎ ክብደትና በኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ይፈጃል። 70 በ42.2 ሲባዛ 2,950 ገደማ ነው። የቀኑ ሌላ ፍጆታ ሲጨመር በቀን ወደ 5,000 ኪሎ ካሎሪ መግባት አለበት። ይህን ሁሉ መብላት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሰው ተርቦ ሳይሆን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚበላው።

ጡንቻና ጉበት አንድ ላይ የሚያከማቹት ካርቦሃይድሬት 500 ግራም አካባቢ ነው። በማራቶን አብዛኛው ያልቃል። በ19 ሰዓት ውስጥ መልሶ ለመሙላት በቀን በኪሎ ክብደት ከ8 እስከ 10 ግራም፣ ለአንተ ከ560 እስከ 700 ግራም ያስፈልጋል። የተጎዳ ጡንቻ ደግሞ ከደህናው ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ስለዚህ ከሦስተኛው ቀን ወዲያ በሙሉ ጎተራ እነሳለሁ ብለህ አታስብ። የተሻለው ዘዴ የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዓታት አለማባከን ነው። ከገባህ በኋላ በየሰዓቱ 70 ግራም። ይህም 250 ግራም የተቀቀለ ሩዝ ማለት ነው፤ ወይም ሁለት ትልልቅ ሙዝና አንድ ቁራጭ ዳቦ። መጀመሪያ ላይ ሆድ እምቢ ስለሚል የመጀመሪያው ሰዓት በፈሳሽ ይሁን።

እየሮጥክ በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ውሰድ። ግሉኮስ ብቻውን ከሆነ አንጀት በሰዓት ከ60 ግራም ብዙም አያሳልፍም፤ ፍሩክቶስ የሚገባው በሌላ በር ስለሆነ ሁለቱ ሲደባለቁ እስከ 90 መድረስ ይቻላል። ተራ ስኳር የሁለቱ ውህድ ነው። 1 ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም ስኳር (5 የሾርባ ማንኪያ)፣ 1.5 ግራም ጨው (ሩብ የሻይ ማንኪያ) ጥሩ መጠጥ ይወጣዋል። አንጀትም እንደ እግር ይለማመዳል፤ በረጅም ልምምዶች ላይ በሰዓት ከ30 ግራም ጀምረህ በስድስት ሳምንት ወደ 60 ውጣ።

ፕሮቲን በቀን ከ112 እስከ 140 ግራም፣ በአራት ወይም በአምስት ጊዜ ተከፍሎ፤ የመጨረሻው ከመኝታ በፊት ይሁን። እና አንድ ነገር አትርሳ፦ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጣፋጭ ነገር ያንገፈግፋል። ጄል (ሯጮች የሚወስዱት ወፍራም የስኳር ፈሳሽ) እና ስኳር ብቻ የያዘ ሰው መብላት የሚያቆመው ያኔ ነው። ጨው የተነሰነሰበት ቅቅል ድንችና ሾርባ ከመጀመሪያውም መኪናው ውስጥ ይኑር።

የንጋት ሯጭ፦

ውሃስ? በየሰዓቱ አንድ ሊትር የሚሉ አሉ።

ጓዳ፦

በጭፍን አንድ ሊትር አደገኛ ነው። በዚህ ፍጥነት ለአምስት ሰዓት የሚሮጥ ሰው ከላቡ በላይ ሊጠጣ ይችላል፤ ያኔ በደም ውስጥ ያለው ጨው (ሶዲየም) ይቀጥናል። በሊትር ከ135 ሚሊሞል ሲወርድ ችግሩ ጀመረ ማለት ነው፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥ፣ ሲብስ ግራ መጋባትና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ብዙ ረዳቶች ውሃ ጥም መስሏቸው ጭራሽ ውሃ ይጨምሩለታል፤ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ከመነሳትህ በፊትና እንደገባህ ተመዘን። ከ1 እስከ 2 በመቶ መቀነስ ጤናማ ነው። ጨምረህ ከገባህ ከልክ በላይ ጠጥተሃል። ከቀን ወደ ቀን ግን አታወዳድር፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እብጠት ስለሚኖር የጠዋት ክብደትህ ከፍ ሊል ይችላል። ማወዳደሪያህ የዚያው ቀን መነሻና መድረሻ ብቻ ነው።

ባትና ቋንጃ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉም በላይ የምለምንህ አንድ ነገር አለ። ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና የመሳሰሉትን ማስታገሻዎች በዚያ ሳምንት አትንካ። የተጎዳ ጡንቻ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል፤ ያን የሚያጣራው ኩላሊት ነው። ላብ ፈሳሹን ቀንሶታል፣ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሽንትህ ጠቆር ያለ ሻይ ወይም ኮካ ኮላ ከመሰለ፣ ወይም ጭንህ ድንጋይ ሆኖ አብጦ ሽንት ካነሰህ ነገ ብሎ ነገር የለም። ያን ሰዓት ሆስፒታል፣ የሲኬ (የጡንቻ ጉዳት መለኪያ) እና የክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) ምርመራ። ራብዶማዮላይሲስ የሚባለው ይህ ነው። የእንግሊዝ ኮሜዲያን ኤዲ ኢዛርድ እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ አፍሪካ 27 ማራቶን በ27 ቀን ሊሮጡ ተነስተው ከአራተኛው በኋላ ያቋረጡት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመልሰው አጠናቀቁ፤ ያኔም በመሃል አንድ ቀን በሕመም አምልጧቸው የመጨረሻው ቀን ላይ ሁለት ሮጠው አካክሰዋል።

ሕመምን መለየት ልመድ። በሁለቱም እግር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚለዝብ ከሆነ የጡንቻ ነው፤ ይሮጡበታል። በአንድ እግር ብቻ፣ በጣት ጫፍ ልታሳየው የምትችል፣ በሄድክ ቁጥር የሚብስ፣ ማታ ተኝተህ የሚጠዘጥዝ ከሆነ አጥንት ነው። በዚያ እግር ብቻ ሦስት ጊዜ መዝለል ካልቻልክ አትነሳም። የአጥንት ስንጥቅ ላይ መሮጥ የሳምንታቱን ዕረፍት ወደ ወራት ይለውጠዋል።

በተከታታይ ማራቶን ላይ በጣም የሚያጋጥመው ደግሞ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ በቅልጥም ፊት ለፊት ያለው ጅማት መቆጣት ነው። እጅህን እዚያ ላይ አስቀምጠህ እግርህን ወደ ላይ ስታጥፍ እንደ ቆዳ ጫማ ሲንቋቋ ይሰማሃል። መንስኤዎቹ ሁለት ናቸው፦ እግር ሲያብጥ የጫማ ማሰሪያው ላይኛው ክፍል ጅማቱን ይጫነዋል፤ የደከመ ሯጭ ደግሞ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ከላይ ያለውን የማሰሪያ ቀዳዳ ዝለለው፣ አንጓው ጋ ላላ አድርግ። መንቋቋቱ ከጀመረ ግን ማሰሪያ ማላላት ብቻውን አያድንም፤ የዚያን ቀን መቆም ነው።

የጎዳና ጥላ፦

አስፋልት ለውሃ ማውረጃ ሲባል ወደ ዳር ያዘነበለ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ በአንድ ጠርዝ ከሮጥክ አንዱ እግር ሁሌ ከፍ፣ ሌላው ሁሌ ዝቅ ብሎ ያርፋል። የጉልበት ውጪኛው ጎንና ዳሌ የሚታመመው ከዚህ ነው። ደርሶ መልስ መንገድ ምረጥ። የበለጠ የምመክረው 10.5 ኪሎ ሜትር የሆነ ዙር አራት ጊዜ ነው፤ ለማደሪያህ ቅርብ ከሆነ በመኪና የሚባክነው ጊዜ ይቀራል፣ ለፈቃድም አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚጠየቀው። አራቱ ዙር 42 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ጂፒኤስም በረጃጅም ሕንፃዎች መካከልና ድልድይ ሥር ስለሚስት የእጅ ሰዓትህ 42.5 እስኪል ሂድ። የተሰጠህ ገንዘብ ለሙሉ ማራቶን ነውና 200 ሜትር ጎደለ መባል የለበትም።

ካልሲ፦

እግር። ሦስት ጥንድ ጫማ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በቁጥርህ፣ ሦስተኛው በግማሽ ቁጥር የሚበልጥ። እብጠት ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የማይቀር ስለሆነ ትልቁ ያኔ ይወጣል። ሁሉም ቀድመው ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር የተሮጠባቸው ይሁኑ። በየቀኑ ቀያይር፤ ሶሉ ይመለሳል፣ ላቡ ይደርቃል፣ ጫናውም ሁሌ አንድ ቦታ አያርፍም።

ቆዳ ማቃጠል የጀመረበት ቦታ ካለ እዚያው ኪሎ ሜትር ላይ ቁም። ሁለት ደቂቃ ወስደህ አድርቀህ ፕላስተር ለጥፍ። "እስከ 30ኛው ልድረስ" ያልከው ቦታ ማታ ውሃ ይቋጥራል። ከቋጠረ በኋላ በጸዳ መርፌ ጠርዙን ብቻ ብሳ፣ ፈሳሹን አውጣ፣ ቆዳውን ግን አትላጠው፤ ከሁሉም የተሻለ ፋሻ እሱ ነው። ደም ያቋጠረውን አትንካ። ካልሲ በ21ኛው ኪሎ ሜትር ይቀየር። ጥፍር ከአንድ ሳምንት በፊት በቀጥታ ይቆረጥ። ጭን፣ ብብትና ጡት ጫፍ ላይ ቫዝሊን ጠዋት ብቻ ሳይሆን እኩሌታውም ላይ።

ሶምሶማ፦

ልምምዱ እንዳይረሳ። ከ60 ኪሎ ሜትር ተነስተህ በ15ኛው ሳምንት ከ100 እስከ 110 ድረስ፤ በየአራተኛው ሳምንት ሲሶውን ቀንስ። ዋናው ነገር አንዱ ረጅም ሩጫ ሳይሆን ተከታታዮቹ ናቸው። ቅዳሜ 20 እሑድ 16 ብለህ ጀምር፣ ወደ 32 እና 28 አሳድግ። በ16ኛው ሳምንት ሦስት ቀን በተከታታይ 30፣ 30፣ 30። ይህ ፈተና ነው፦ ምግቡ፣ ጫማው፣ ረዳቱ፣ የመኝታ ሰዓቱ ልክ እንደ ትክክለኛው ሳምንት ይሁን። የሚበላሸው ነገር እዚያ ይበላሽ። ከመነሻው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቀን ቁልቁለት ሩጥ፤ ጡንቻ አንድ ጊዜ በመለጠጥ ከተጎዳ በኋላ ለሳምንታት ተመሳሳዩን ጉዳት ይቋቋማል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ዱብ ዱብ ብቻ።

ማለዳ፦

ከሩጫ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መግባት ጥሩ ነው? ጡንቻ እንዳይጠነክር ያደርጋል የሚባል ነገር አለ።

ባትና ቋንጃ፦

ነገሩ እውነት ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። በልምምድ ወራት ዘወትር ከገባህ ሰውነት ከልምምዱ የሚያገኘውን ጥቅም ሊቀንስ ይችላል። በዚያ ሳምንት ግን መጠንከር አትፈልግም፣ ነገ መነሳት ነው የምትፈልገው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በረዶ መሆን የለበትም። እግር ላይ የተከፈተ ቁስል ካለ ግን ይቅር፣ ይበሰብሳል።

ደብተር ያዥ፦

አሁን ወደ ገንዘቡ። በኪሎ ሜትር ወይም በማራቶን ቁጥር ቃል አታስገባ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቃል የገባ ሁሉ ከሩጫው በኋላ አይከፍልም፤ ማሳደዱ ወራት ይፈጃል። ሁለተኛው ይብሳል፦ በአምስተኛው ቀን ቅልጥምህ ሲንቋቋ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሕሙማን ገንዘብ ሆኖ ይታይሃል፣ እናም መቆም ሲገባህ አትቆምም። ለጋሽ አስቀድሞ፣ በአንድ ጊዜ፣ ለጉዳዩ ይስጥ። የልገሳ ድረ ገጹ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይም "ሩጫው በሕክምና ምክንያት ቢቋረጥም የተሰጠው ገንዘብ ለሕሙማኑ ይውላል" ብለህ ጻፍ።

ገንዘቡ በአንተ ሒሳብ ውስጥ አይለፍ። ቀጥታ በሕግ ወደተመዘገበው ድርጅት ይግባ፤ ከድርጅቱ ጋር ስለ ስሙና ዓርማው አጠቃቀም፣ ስለ ደረሰኝና ስለ ሪፖርት በጽሑፍ ተዋዋል። የጫማው፣ የነዳጁ፣ የምግቡ ወጪ ከሌላ ኪስ ወይም ስሙ ተጠቅሶ ወጪውን ከሸፈነ ደጋፊ ይሁን። "ከተሰበሰበው ላይ ትንሽ ለወጪ" የሚል ነገር አንዴ ከተሰማ ሰባቱም ማራቶን አያጥቡትም።

ቁጥሩም ትርጉም ይኑረው። የቀድሞው እንግሊዛዊ የራግቢ ተጫዋች ኬቨን ሲንፊልድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ለታመመው የቡድን ጓደኛው ለሮብ ባሮው ሰባት ማራቶን በሰባት ቀን የሮጠው ሰባት የባሮው የማሊያ ቁጥር ስለነበር ነው። የታሰበው 77,777 ፓውንድ ነበር፤ የተሰበሰበው ከ2 ሚሊዮን በለጠ። ሰው ለርቀቱ ብቻ አይሰጥም፣ ለማን እንደሆነ ሲገባው ይሰጣል።

ማለዳ፦

ግን ተቋርጦ ሲቀር ሰው አይቀየምም? ሰባት ብሎ በአምስት ቢቀር?

ደብተር ያዥ፦

አንድ እግሩን በካንሰር ያጣው ካናዳዊ ወጣት ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን ሊያቋርጥ ተነስቶ በቀን አንድ ማራቶን ያህል እየሮጠ 143 ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ሄደ። ካንሰሩ ሳንባው ላይ ተመልሶ በመገኘቱ ተንደር ቤይ አጠገብ ቆመ፤ መንገዱን አልጨረሰም። ሕዝቡ ግን መስጠቱን ያጠነከረው ከዚያ በኋላ ነው። በስሙ የሚካሄደው ዓመታዊ ሩጫም ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለካንሰር ምርምር ይሰበስባል። ለጋሽ የሚቀየመው ሲዋሽ ነው እንጂ ሲቆም አይደለም።

የጎዳና ጥላ፦

ለዚህ ነው ማቆምን የሚወስነው ሯጩ መሆን የሌለበት። የደከመ ሰው ሁሌ "ደህና ነኝ" ይላል። አንድ ሰው ምረጥ፣ የማቆሚያ ምልክቶቹን ባትና ቋንጃ እንዳለው በወረቀት ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። በየ5 ኪሎ ሜትሩ የሚያገኝህ እሱ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ማቆሚያ ስም፣ ቀንና የት እንዳለህ ይጠይቅህ፣ የጠጣኸውን ይመዝግብ። አብረውህ የሚሮጡ እንግዶች ከፈቀድክ ከኋላህ ይሁኑ፤ ትኩስ እግር ይዞ ለ5 ኪሎ ሜትር የመጣ ሰው ሳታውቀው ፍጥነትህን ያስጨምርሃል። መድረሻ ላይ ፎቶና ሰላምታ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ የሚሄደው ከአሥሩ ሰዓት ላይ ነው። የጨበጥከውን እጅ ሳትታጠብ አትብላ፤ በዚያ ሳምንት ሰውነት ጉንፋንን ለመከላከል አቅም ሊያንሰው ይችላል።

የንጋት ሯጭ፦

ሁሉንም ወስጃለሁ። ዕቅዱ ተለውጧል፦ ገጹ ላይ "7 ማራቶን በ8 ቀን" ተብሎ ይወጣል፤ አንዱ ቀን ለዕረፍት ነው፣ መቼ እንደሚሆን ግን አይገለጽም። ልገሳው አስቀድሞና ቀጥታ ወደ ድርጅቱ። 10.5 ኪሎ ሜትር ዙር አራት ጊዜ፣ በ6:20፣ 9 በ1። ከመነሻው በፊት የልብ ኢሲጂ፣ የብረት ክምችት፣ ክሬአቲኒንና ሲኬ ይመረመራል። የቀረው ጥያቄ ከሰባተኛው በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ነው።

ባትና ቋንጃ፦

የዕረፍቱን ቀን እንደ ጆከር ያዘው፣ ግን ከአራተኛው በፊት ባታወጣው ይሻላል። ከሰባተኛው በኋላ ሁለት ሳምንት ሩጫ የለም፤ በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እርምጃ ብቻ። ምግቡን በአንድ ጊዜ አትቀንስ፣ ለሦስትና ለአራት ቀን ያው ይቀጥል፤ ጥገናው ገና እየተካሄደ ነው። በአራተኛው ቀን ክሬአቲኒኑንና ሲኬውን ድገም፣ ከመነሻው ጋር አነጻጽር። ወዲያው ረጅም በረራ ወይም የመኪና ጉዞ አታድርግ፤ ያበጠ እግር ለሰዓታት ተጣጥፎ ሲቀመጥ ደም ሊረጋ ይችላል። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ከታመመ የድካም አድርገህ አትተወው፣ ሐኪም ይየው።

ደብተር ያዥ፦

በዚያው ሁለት ሳምንት የድርጅቱን የገቢ ማረጋገጫ ጠይቅና ገጹ ላይ አውጣው፦ ስንት ገባ፣ ወጪውን ማን ሸፈነ፣ የየቀኑ የሩጫ መዝገብ የት ይገኛል። ለጋሾች አሁንም ገጹን የሚያዩት በእነዚያ ቀናት ነው፤ ከአራት ወር በኋላ የሚወጣ ሒሳብ የሚያነበው የለም።